ከፊቴ የተነሳው ሳህን

ሰበታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ብዕር የያዘችው ማሪቱ ናት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛዬ። ቃሉ ግን የእኔ የወንድምሽ የጃራ ነው። ፊደሉን ታሳምር እንጂ ነገሩን እንዳታሳምር ተስማምተናል።

ለእህቴ ለተረፈች። አካም ጂርታ፣ ኦቦሌቲ ኮ? እንደምን አለሽ? እኔ በእመብርሃን ጥበቃ አለሁ። ላሞቹም ደህና ናቸው። ጆሮዬ ብቻ ብሶበታል። በስልክ ላውራው እያልሽ በሰው ትልኪብኛለሽ፤ እኔ ከስልክ የምሰማው ጭርጭርታ ነው። ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ያልሰሙትን መልሶ ያስነብባል። ገመቺስ ያደርስልናል። የዱርሲቱን ልጅ ነው የምልሽ፤ ከገላን መጋዘን ወደ ጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና የሚመላለሰውን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ፓስፖርቴ ደርሷል። ፎቶ አንሺው "አባባ፣ በዚህ ዕድሜ የት ሊሄዱ ነው?" አለኝ። "ዕድሜዬን ትተህ ፊቴን አንሳ" አልኩት። አንቺ ከዚህ ስትወጪ የተከልኩት ባሕር ዛፍ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ለሦስተኛ አቆጥቁጧል። ባቡሩ እዚሁ ደጃችን እያፏጨ ያልፋል። እህቴንና ባሕሩን ሳላይ አልሞትም።

ከበርቴ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ሆቴል አላድርም፤ መሬት ላይ ብታስተኚኝ እተኛለሁ። በእግር የሚታየውን በእግር፣ በአውቶቡስ የሚታየውን በአውቶቡስ እናየዋለን። አንድ ነገር ብቻ አትንፈጊኝ። ታላቅ ወንድምሽ እንደመጣ ጎረቤት ይወቅ። ሙክት ባይሆን ወጠጤ፣ ወጠጤ ባይሆን ዶሮ። ደም ሳይፈስ የገባ እንግዳ እንዳልባል።

ደግሞ የትኛውን ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሳለሚው? ባለፈው ጠይቄሽ ዘለልሽው። ለታቦቱ ጧፍ ላመጣ ነው።

ወንድምሽ ጃራ

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለኦቦ ጃራ። አካም ጂርቱ? ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። "ለከብት ጠባቂ ፊደል ምን ያደርግላታል" እያሉኝ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል።

እመጣለሁ ማለትዎን ሳነብ እንባዬ ወረቀቱን አበላሸው። ቤቴ አንዲት ክፍል ናት። አማረ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ አልጋው የእርስዎ ነው፣ እኔ ከታች አነጥፋለሁ። ከተማውን አሳይዎታለሁ። የማያስከፍለውን ሁሉ አውቀዋለሁ።

ብቻ አንድ ነገር ልለምንዎት። ጥር ላይ ከሚመጡ በሁዳዴ ቢመጡ ምን ይመስልዎታል? ባቡሩ አይጨናነቅም፣ እኔም ሥራ ይቀለኛል። ይህን ከልቤ ነው የምለምንዎት።

ጧፍ አያምጡ፤ እዚህ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። ሽሮና በርበሬ ግን ካገኙ ይያዙልኝ።

እህትዎ ተረፈች

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማሪቱ ናት የምትጽፈው። በገና ማግስት ከልጆቿ መሐል ጎትቼ አምጥቻታለሁ፤ ነገሩ የሚያድር አይደለም።

ለተረፈች። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ።

እንግዳን በጾም ና ብሎ የሚጠራ ሰው በየት አገር አለ? ገና ሳልመጣ ሆዴን ለካሽው? በሁዳዴ ሙቀቱ እንደሚብስ ገመቺስ ነግሮኛል። ባቡሩ አይጨናነቅም ትያለሽ፤ እኔ ጭንቅንቅ ፈርቼ አላውቅም። "ምክንያት ይኖራቸዋል ይበሉ" ትላለች ማሪቱ። ምክንያት ካለ ይጻፍ!

እኔ ጦም ፈትቼ፣ በፍስክ፣ እንደ ሰው ነው የምመጣው። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ባቡር ላይ ነኝ። ሽሮውንም በርበሬውንም ይዣለሁ። ቤተ ክርስቲያኑን አሁንም አልነገርሽኝም።

ጃራ

ሰበታ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዕሩ የማሪቱ፣ ንዴቱ የእኔ። ነገ ነነዌ ይገባል። ቂም ይዞ አይጾምም፤ ከጾሙ በፊት ሆዴን ላራግፍ።

ማሪቱ "እንዴት ከረምሽ ብለው ይጀምሩ እንጂ" አለችኝ። አልጀምርም።

ያየሁትን አልክድም። ባሕሩን አሳይተሽኛል። የወንበር ኪራይ እንዳንከፍል ከግንቡ ሥር ማዳበሪያ አንጥፈን፣ ከቤት የያዝሽውን ዳቦ ገምጠን ቀኑን ሙሉ ውሃውን አየን። መርከቡ ሲገባ ከወደቡ አጥር ውጭ ቆመን "ይሄም በነጻ ነው" ስትዪኝ ሁለታችንም ሳቅን። ጨው ሐይቁ ዘንድ በጨው ጫኝ መኪና ጋቢና ተጣበን ሄድን፤ ሹፌሩን በገዛ ቋንቋው ተከራክረሽ ረታሽው። ያንን ነጭ ምድር ሳይ በረዶ የጣለ መስሎኝ ነበር። እግሬን ነክሬ ሳወጣ ነጭ ካልሲ ያጠለቅሁ መሰልኩ፤ አንቺ ተንበርክከሽ አጠብሽኝ። ለላሞቼም ጨው በመሐረብ ቋጥሬ መጣሁ። ይህን ሁሉ አልክድም።

ሆዴ ግን ምን በላ? ዓሣ! በመጣሁ ማታ ዓሣ፣ በማግስቱ ዓሣ። እንደ ተገለጠ ዳዊት ለሁለት ተሰንጥቆ ሳህን ላይ ይዘረጋል፣ አንቺም ከዚያው ትበያለሽ። ረቡዕና ዓርብ ምስር፤ ይሁን፣ ጾም ነው። ማክሰኞስ? እሑድስ? ዓይኑን ሳይከድን የሚሞተውን ነገር እኔ ምግብ አልለውም።

ሌላውን ሁሉ ችዬ ነበር። ማተብሽን አንገትሽ ላይ አጣሁት፤ "ላብ በጠሰው" አልሽኝ፣ ቻልኩ። ሰፈሩ ሬሐና እያለ ይጠራሻል፤ ምን ማለት ነው ስልሽ "በነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው" አልሽ፣ ቻልኩ። ከበሩ ኋላ ያማረ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ አንጥፊልኝ ስልሽ "እሱ አይነጠፍም" አልሽኝ። የማይነጠፍ ምንጣፍ! እሱንም ቻልኩ።

ያን ሐሙስ ግን አልችልም። ልጇን የዳረችው ጎረቤትሽ ሩዝ ላይ የፍየል ሥጋ ከምራ ላከችልን። ያመጣችው ልጅ ከፊቴ አኖረችው። እጄን ታጥቤያለሁ፣ ጣቴ ሥጋው ላይ አርፏል። አንቺ ቤቱ እንደተቃጠለበት ሰው ከደጅ ሮጠሽ ገብተሽ ሳህኑን ከፊቴ አነሳሽ። "ይቅርብዎት" ብቻ። ወስደሽም ለላከችው ጎረቤት መለስሽው። ከዚያ ምን አቀረብሽልኝ? ዓሣ።

በሠርግ ቀን ውሻ እንኳ አጥንት አይነጠቅም። ማሪቱ "ይሄን ባንጽፈው" ትለኛለች። ጻፊው! ውሻ ብለሽ ጻፊው!

እናት አባቴ ቤት ውስጥ ሰው ከፊቴ ምግብ አንስቶ አያውቅም። ሐምሌ ላይ ሙቀቱን ሸሽቼ እመጣለሁ፣ የእናቴን ቤት ሳላይ አልሙት ብለሽኝ ነበር። አትምጪ። ለእኔ ዶሮ የነፈገች እጅ የእኔን በር አታንኳኳ። ወንድም አለኝ ብለሽም አታውሪ።

ጃራ

ሰበታ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

በማሪቱ እጅ።

ገመቺስ ሄዶ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄዶ ተመለሰ፣ እጁ ባዶ ነው። "ደብዳቤውን ተቀብላኛለች፣ መልስ ግን የላትም" ይላል። ለምን እንደምጠብቅ አላውቅም። አልጠብቅም። ታመሽ ከሆነ ግን ይነገረኝ።

ጃራ

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኦቦ ጃራ። ፈጣሪ ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። አልታመምኩም።

እህቴ ማሪቱ፣ አላውቅሽም፤ ግን የወንድሜ ዓይን አንቺ ነሽ። ከዚህ በታች ያለውን አንቺና እሱ ብቻችሁን ስትሆኑ አንብቢለት። በሩን ዝጊ። እንዲሰማሽ መጮኽ ስላለብሽ መስኮቱንም ዝጊ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፤ ለወንድሜ ብቻ የምነግርበት መንገድ የለኝም።

ወንድሜ፣ ሬሐና እናቴ ማለት አይደለም። ስሜ ነው።

አማረ ያልኩዎት ባሌ ስሙ ዑመር ነበር። እኔ ነኝ በደብዳቤ አማረ ያልኩት። ደግ ሰው ነበር፤ አስገድዶኝ እንዳይመስልዎት። ማተቤን ላብ አልበጠሰውም፣ በገዛ እጄ ፈታሁት። አልጣልኩትም፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ከበሩ ኋላ የቆመው ምንጣፍ መስገጃዬ ነው። እርስዎ ባሕሩን ሊያዩ በማለዳ ሲወጡ እኔ "ጓዳ ላስተካክል" እያልኩ የምቀረው እሱን ላነጥፍ ነበር። ደብዳቤዎ የደረሰኝም በጾም ነው፣ በእኔ ጾም ማለቴ ነው። በዚያ ወር ውሸት መጻፍ አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመጻፍ ደግሞ ወኔ አጣሁ።

ለወንድሜ ዶሮ የምነፍግ ሰው ነኝ? እርስዎ እንደሚመጡ ሳውቅ ስንት ፍየል በዓይኔ መረጥኩ! ግን እኔ የማርደው፣ ጎረቤቴም የሚያርደው፣ በቢስሚላህ ነው። እርስዎ እንዲህ የታረደ ሥጋ በአፍዎ ዞሮ አያውቅም። በሁዳዴ ይምጡ ያልኩት ለዚህ ነበር፤ በጾም ሥጋ የለም፣ ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ዓሣን ግን የእስላም ቢላዋም የክርስቲያን ቢላዋም አያርደውም። ከውሃ ሲወጣ አልቋል። ዓሣ ከሆነ ከአንድ ሳህን እንበላለን ብዬ ነው። ልብ አላሉም እንጂ በየቀኑ ከአንድ ሳህን በላን። ልጅ ሆኜ አጥንቱን እየለዩ ያጎርሱኝ እንደነበረው፣ እኔ እሾኹን እየለየሁ ሥጋውን ወደ እርስዎ በኩል አደርግ ነበር።

የዚያን ሐሙስ ልጅቷ ሳህኑን ይዛ መግባቷን ከደጅ ሆኜ አየሁ። ጣትዎ ሥጋው ላይ ነበር። ምን ብዬ ልናገር? አፌ እምቢ ሲለኝ እጄ አነሳው።

ለመናገር ሞክሬ ነበር። ጨው ሐይቁ ዘንድ እግርዎን ሳጥብ "ወንድሜ፣ እኔ ሰልሜያለሁ" አልኩ። አልሰሙኝም። "ውሃው ይሞቃል" ብለው መለሱልኝ። ደግሜ ጮኼ መናገር አልቻልኩም።

እንግዲህ ነገርኩዎት። በርዎን ከዘጉት እውነቱን አውቀው ይዝጉት። በዓሣ አይዝጉት።

እህትዎ

ሰበታ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ያችው ማሪቱ ናት። ባልሽው መሠረት በሩም መስኮቱም ተዘግቷል፤ በክረምት ጅቡቲን አምጥተሽብናል።

ለእህቴ ለተረፈች። እንደምን ሰነበትሽ?

ደብዳቤሽ ሲነበብ ማሪቱ መሐል ላይ አቋረጠችው። "ምን ሆንሽ፣ ፊደሉ ጠፋሽ?" አልኳት።

"ኦቦ ጃራ፣ ትንሽ ውሃ ይጠጡና ልቀጥል።"

"ሞታለች?"

"ኧረ አልሞቱም!"

"እንግዲያ አንብቢ።"

"ሬሐና ስሜ ነው" የሚለውን አስደገምኳት፤ ጆሮዬ የሳተ መስሎኝ። አልሳተም። ከዚያ ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ፣ ወረቀቱንም እዚያው ተውኩት። ማሪቱ አጥፋ አስቀመጠችው። ሰንበቴ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንት ጊዜ ጠላ ጠጣን፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልጠራኋትም። እስከ ዛሬ።

አልዋሽሽም፣ ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። ያንን ማተብ አንገትሽ ላይ ያሰረችው እናታችን ናት። ይሄን ያህል ዘመን ባልሽን አማረ እያልሽ ነፍስ ይማር አስብለሽኛል፤ የስንቱን አማረ ነፍስ እንዳስማርኩ እግዚአብሔር ይወቀው! ደግ አደረግሽ አልልሽም። እስክሞትም አልልሽም። ማሪቱ፣ ይሄን ጫን ብለሽ ጻፊ።

ነገር ግን ያ ሳህን አላስቀምጥ አለኝ። ጣቴ ሥጋው ላይ ነበር። ዝም ብትዪ እበላው ነበር። አጣጥሜ፣ ጣቴን ልሼ። ተመልሼም "እህቴ ሥጋ አጠገበችኝ" እያልኩ በሰፈሩ እንቀባረር ነበር። ማን ያውቃል? አንቺ ብቻ። አንቺ ግን ስስታም መባልን መርጠሽ አነሳሽው። የራስሽን ማተብ የፈታሽ ሴት የእኔን ጠበቅሽልኝ። ይሄን ነገር በየት በኩል ልቆጣው? ባገላብጠው ባገላብጠው መቆጫ ቦታ አጣሁለት።

የሐይቁንም ነገር አስታወስኩ። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ስለ ውሃው የምትጠይቂኝ መስሎኝ ነበር።

ኢብሮ ዘንድ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ጎን ያለውን ኢብሮን ማለቴ ነው። "ሐምሌ ላይ አንድ በግ ባርከህ ታርድልኛለህ" አልኩት።

"ኦቦ ጃራ፣ ሰለሙ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

"አፍህን ያዝ፣ እንግዳ አለብኝ።"

"የምን እንግዳ?"

"እህቴ ናት" አልኩት። ሳቁን ተወ። "ቢላዬን አስልቼ እጠብቃለሁ" አለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ነገሩ አልጣመኝም። ኢብሮ ቢያርድ አንቺ ትበያለሽ፣ እኔ አይሻለሁ። እኔ ባርድ እኔ እበላለሁ፣ አንቺ ታዪኛለሽ። ሁለት በግ ለማረድ አቅሜ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድስ? በአንድ ጎጆ ሁለት ገበታ ዘርግተን ጀርባ ልንሰጣጣ ነው? ኢብሮን "ቢላህን መልስ" አልኩት። በጉም ዕድሜው ረዘመ፣ መስክ ላይ ለቀቅሁት።

አንቺ በጾም ና አልሽኝ። እኔ ግን በፍስክ ነይ እልሻለሁ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ አምስት ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ባቡር ነይ። ሻሽሽን እንዳታወልቂ። የሚጠይቅ ካለ መልሱ እኔ ዘንድ ነው፤ ከዘራዬም አለ። ስምሽን ግን ተረፈች እልሻለሁ፣ ያኛው ምላሴ ላይ አይወጣም። ምንጣፍሽን ያዢ። ኢብሮ "ወደ ቡራዩ በኩል ነው የሚሰገደው" ብሎኛል፤ እኔ የምጸልየው ወደ ምሥራቅ ነው። አየሽ፣ ጀርባ አንሰጣጣም።

አገርሽንም አሳይሻለሁ። የምታውቂው መስክ ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ አጥር ሆኗል። ሱሉልታ እናታችን የተወለደችበት ሜዳ ግን በሐምሌ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው። በሚኒባስ ወጥተን፣ ዳቦ ከቤት ይዘን፣ ዳር ላይ ተቀምጠን እናየዋለን። ይሄም በነጻ ነው።

ገመቺስ ከቆቃ ዓሣ በበረዶ ይዞልኝ ሊመጣ ቃል ገብቷል። እዚህ ሰፈር እንደ ዳዊት ገልጦ የሚሰነጥቀው ሰው የለም፤ አንቺ ትሰነጥቂዋለሽ፣ እሾኹን እኔ እለያለሁ። ጨው እንዳትገዢ። ያ በመሐረብ የቋጠርኩት የሐይቁ ጨው፣ ላሞቹ ልሰው ልሰው ለሁለት ሰው የሚበቃ ተርፏል። ሳህኑም አንድ ይበቃል።

በይ ማሪቱ፣ ከላይ ጀምረሽ መልሰሽ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ። መስኮቱን ደግሞ ክፈቺው።